የሙሽራው ድድ

ይህን ጉዴን ሚስቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስለምታወራው እኔው ብናገረው ይሻለኛል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። አዳማ ባቡር ጣቢያ ዕቃ መዛኝ ሳለሁ፣ ሠርጌ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድዴ ይደማ፣ አፌም ይሸት ጀመር። አንድ ግሪካዊ ሐኪም ከጥርሴ ሥር ፍቆ በማጉያ መነጽሩ አየና፣ «በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ድድህ ሥር ሰፍረዋል። ጧትና ማታ በመፋቂያ ፋቅ» አለኝ።

ተናደድኩ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሐኪም እንጨት ያዝልኛል? እንጨት ለማዘዝማ አክስቴም ትበቃኝ ነበር! ነፍሳቱን በመርፌ ወግቼ ልጨርሳቸው ብዬ የሴቶችን ድድ ወደሚነቅሱት ወደ እትዬ በላይነሽ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ የሴት ጌጥ ነው!» አሉኝ።

«ለጌጥ አይደለም እትዬ፣ ለመድኃኒት ነው።»

እንባዬ እየወረደ ነቀሱኝ። ድዴ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ።

በሠርጌ ዕለት አፌን ገጥሜ ዋልኩ። አማቶቼ «እንዴት ያለ ጭምት ልጅ ነው!» ተባባሉ። ኋላ ግን ሞቅ ያለው አጎቴ ሲጨፍር ተንሸራቶ ወደቀና ሳቄ አመለጠኝ። ሙሽራዬ ድዴን አየች። እሷም ስትስቅ ድዷ እንደተፈጠረ ቀይ ነው።

«እኔ መርፌውን ፈርቼ ቀረሁ። አንተ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለህ ተነቀስክ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ፣ «አዎ፣ ላንቺ ብዬ ነው» አልኳት።

ፊቷን ድንገት አዞረች። ከመቀነቷ መፋቂያ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣

«እንግዲያው ይሄንንም ለእኔ ብለህ ፋቅበት» አለችኝ።