የተጠቀለለው እጅጌ

ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ያልታየ ሰው ነው፤ በግሌ አጥንቻለሁ ብሎ ፊዚክስ ለመፈተን ብቻ መጣ። የአርጀንቲናዋ ቱኩማን የሐምሌ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ እሱ ግን የሸሚዙን እጅጌ ከክርኑ በላይ ጠቅልሎ በላስቲክ አስሮታል።

"ሊፈተን ነው ሊደባደብ?" አለ ፈታኙ ኦቪዲዮ የማቴ ሻዩን እየመጠጠ፣ አብራው ወደምትፈትነው መምህርት ኔሊዳ ጠጋ ብሎ።

ሰውየው የጥያቄ ዕጣ ከሚወጣበት የሚሽከረከር ቅርጫት ውስጥ ቁጥር ያለባት ኳስ አወጣ። የደረሰው ጥያቄ ተነበበለት፦ በአንድ ዘንግ ላይ የተያያዙ ሁለት ከባድ ዲስኮች፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በስንት ጊዜ ይቆማሉ?

ፊቱ አመድ መሰለ። ጠመኔውን አንስቶ የየዲስኩን ኢነርሺያ አሰላ፣ ደመረ፤ አርባ ሰከንድ አገኘ።

"አዎ፣ ይህን ያህል ይቆያል" አለ ለራሱ።

"ጌታዬ፣ ዲስክ እኮ ቀለበት አይደለም" አለች ኔሊዳ። "ለሁለት ማካፈሉን ረሱት።"

አረመው። ሃያ ሆነ።

"ሃያ ብቻ?"

"ሃያ ብቻ። አልፈዋል፣ ይቀመጡ።"

አልተቀመጠም።

"በምንሠራበት ስኳር ፋብሪካ ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ መምህርት። ማሽኑ ወንድሜን በእጅጌው ይዞት ነበር። እሱ ይጮሃል፣ ዲስኮቹ ግን አልቆም አሉ።" ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ዞረ። "እስቲ ይህችን ሃያ ሰከንድ አብረን እንያት።"

ኦቪዲዮ ሻዩን አስቀመጠ። ቀጭኑ ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ መሄዱን ቀጠለ። ገና ግማሽ ሳይሞላ ሰውየው በጠመኔ የነጡ መዳፎቹን አንስቶ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ደፈነ።