ጠብ የሚል ነገር የለም

ደምለው የሟች እህቴ የስርጉት ባል ነው። ቢቸና ውስጥ እንደ እሱ ቆርቆሮ የሚመታ የለም። ምስማር በጎድጓዳው ላይ የሚመታ ሰው ካየ ይቆጣል፤ «ውኃ በሚሄድበት ይበሳል? በጉብታው ላይ ነው እንጂ!» ይላል። ሰኔ ሲገባ የሚውለው የሰው ጣሪያ ላይ ነው። የራሱ ቤት ግን ልክ ከአልጋው በላይ ያፈስ ነበር።

እህቴ ሳፋ ደቅና «የእኛንስ መቼ ነው?» ትለዋለች። «ነገ» ይላታል።

«ዐሥር ክረምት ነገ አልከኝ። ጠብ ጠብ የሚለው ጣሪያው ነው፤ ካንተ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም» ብላ ትስቅበት ነበር።

አምና ነሐሴ፣ እዚያው እርጥብ አልጋ ላይ፣ የሳንባ ምች ገደላት። እሱ ሞጣ፣ የአንድ ነጋዴ ጣሪያ ላይ ነበር። እግዜር ይይለት!

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ጣሪያውን ጠገነ አሉኝ። አሁን ለማን ብሎ ነው? የመጀመሪያው ዶፍ በወረደ ዕለት የሆዴን ልነግረው ሄድኩ።

ባዶው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ላይ ያያል። ሳፋው እንደ ድሮው ተደቅኗል፤ ደረቅ ነው።

ዞሮ አየኝ። «ባንቺዓለም» አለኝ፣ «ጠብ የሚል ነገር የለም።»