ባትሪ አጥፉ

ኢያቄም ላሊበላ ውስጥ ሲኦል የሚባለውን ጨለማ ዋሻ ከድቁናው ጀምሮ ያለ መብራት ነው የሚያልፈው። አስጎብኚ ሲሆንም እንግዶቹን «ባትሪ አጥፉ፤ ግድግዳውን ዳብሳችሁ ተከተሉኝ» ይል ነበር። በሚሊኒየሙ ዓመት፣ እግዜር ይይለትና፣ በውጭ አገር ከተማ ሥር የባቡር ዋሻ የሚያስቆፍር መሐንዲስ ሊጎበኝ መጣ። መሬት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሰላበትን ኮምፒውተር ከፍቶ አሳየው፦ ዋሻው ሲቆፈር ከላዩ ያለው መሬት ይሰምጣል፤ ቤቶቹም ይዘምማሉ። ኢያቄም ክው አለ።

«አይዞህ፣ ለዓይን እንዲታይ ኮምፒውተሩ መቶ እጥፍ አጋንኖት ነው፤ እውነተኛው የጥፍር ውፍረት ቢያክል ነው» አለው መሐንዲሱ።

ምን ያደርጋል! አንዴ አይቶታል።

በማግስቱ እንግዶች ይዞ ገባ። ዋሻው መሐል ሲደርስ አለቱ መዳፉ ሥር ተንቀጠቀጠ።

«ባትሪ አብሩ!» ብሎ ጮኸ።

አበሩ። አለቱ ንቅንቅ አላለም። የሚንቀጠቀጠው የኢያቄም እጅ ነበር።