ጋሽ ሰይድን ባሕር ያሳየሁበት ቅዳሜ

ከፍራንክፈርት የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። ለጋሽ ሰይድ የነገርኳቸው ምክንያት "ባሕር ላሳይዎት" የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ኑሩ ደሴ ላይ ሞቶ ትናንት ተቀብሯል፤ እሳቸው አልሰሙም። ልጃቸው አንዋር ዘመዱን ከየከተማው እስኪሰበስብ፣ መርዶውም እሑድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በወጉ እስኪነገር ድረስ እሳቸውን ቀኑን ሙሉ ከቤት እንዳርቅለት ለመነኝ። ስልካቸውንም "ላሠራልዎ" ብሎ ወስዶታል።

"ለምን እኔ?" አልኩት።

"አንተ አፍህ አያርፍም። ከአንተ ጋር ከሆኑ የማሰቢያ ጊዜ አያገኙም።"

ምን ይባላል! ፌኸንሃይም መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር እንኳ የማወራ ሰው ነኝ። ጋሽ ሰይድ ግሪስሃይም ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ከኑሩ ጋር አሰብ ወደብ ጆንያ ተሸክመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር እንደናፈቃቸው ነው።

እስከ ሃምቡርግ በባቡር አራት ሰዓት ግድም ነው። በመስኮቱ የሚታየው አመዳይ የለበሰ እርሻና ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ብቻ። እሳቸው የያዝነውን ሳምቡሳ ገና ካስል ከተማ ሳንደርስ ጨረሱት፤ እኔ አንዱም አልወርድ አለኝ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር የኑሩ ስም ሊያመልጠኝ ይላል፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ሁለቴ ሽንት ቤት ሄጄ ዝም ብዬ ቆሜ ተመለስኩ።

ሊዩቤክ

የከተማዋ አሮጌ በር ሁለት ወፋፍራም የቀይ ጡብ ግንቦች አሉት፤ መሬቱ ሰምጦባቸው ዘምመዋል። "ይቺ ሳትወድቅ እንለፍ" ብለው ጋሽ ሰይድ ሳቁ። ከጎኑ፣ ወንዙ ዳር፣ ረጃጅም መጋዘኖች ተደርድረዋል። ሰሌዳውን አነበብኩላቸው፤ ጨው የሚከማችባቸው ነበሩ፣ ከዚህ በመርከብ ይጫን ነበር።

"ጨው ነው ይኼን ሁሉ የሠራላቸው? ለደሴ ገበያ ከአፋር በግመል የመጣው ጨው አንድ ጎጆ እንኳ አልሠራልንም እኮ! ይኼን ኑሩ ቢሰማ…"

"ባቡሩ ሊያመልጠን ነው!" ብዬ ክንዳቸውን ጎተትኩ። ባቡሩ በየሰዓቱ አለ። በመንገዳችን ከአንዲት ሱቅ ትንሽ ማርሲፓን ገዛሁላቸው፤ የለውዝ ጣፋጭ ነው፣ የከተማዋ መታወቂያ።

ትራቨሙንደ

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ባሕር ዳር ወረድን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አሸዋው ላይ ሰው የለም፤ አንድ የጡብ መብራት ቤት፣ ማዶ ላይ አራት ምሰሶ ያለው አሮጌ መርከብ። ዓሣ በዳቦ የሚሸጠው ሰውዬ አፍንጫው ቀልቷል። በዚህ ብርድ ለኡርላውብ ነው ወይ የመጣችሁት፣ ለዕረፍት? ብሎ ጠየቀን።

"ናይን" አሉት ጋሽ ሰይድ፣ ለእሱ ነው በሚል ጣታቸውን ወደ ውኃው ዘርግተው። ሰውዬው ሳቀና ሽንኩርት ጨመረላቸው።

ከዚያ ውኃው ጫፍ ድረስ ሄደው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። "ጨው ያንሰዋል! እንዲህም ባሕር አለ?" ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። "እስቲ ስልክህን ስጠኝ፤ ለኑሩ ልደውልለት። ድምፁን ላሰማው።"

እጄን ኪሴ ከተትኩ። "ጉትሃበን የለኝም ጋሼ፤ ሒሳቤ አልቋል።" ትናንት ማታ ነው የሞላሁት።

ትንሽ አዩኝ። "ይሁን" አሉና ጃኬታቸውን አንጥፈው ሰገዱ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ አለቀስኩ፤ ነፋሱ ነው ለማለት ተዘጋጅቼ።

መልስ

ከሃምቡርግ እንደወጣን መሸ። ጋሽ ሰይድ ማርሲፓኑን ሳይከፍቱ በእጃቸው ያገላብጡታል።

"ጀማል፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለሃል።"

"ደክሞኝ ነው ጋሼ።"

"አንተ ተኝተህ ስታወራ እንኳ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጆቼ ናቸው?"

"አይደሉም! ወላሂ አይደሉም!" አምልጦኝ ወጣ።

"አልሐምዱሊላህ።" ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ። "ሌላውን እንዳትነግረኝ። አንዋር ይንገረኝ፤ ወጉ የእሱ ነው። ያወቅሁ መሆኔንም እንዳትነግረው፤ ለፍቷል።"

ማታ ፍራንክፈርት ደረስን። በር ላይ ሳሰናብታቸው "ባሕሩን ስላሳየኸኝ አላህ ይስጥህ" አሉኝ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን አስቀድመን ሄድን። ሳናንኳኳ ጋሽ ሰይድ ከፈቱልን። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ያላቸውን ወንበር ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ደርድረዋል። አንዋር ወንበሮቹን አይቶ እኔን አየኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወሬውን ከሩቅ ጀምረው ሲያዘግሙ ጋሽ ሰይድ አላቋረጧቸውም። የኑሩ ስም ሲጠራ ግን እንደ አዲስ ጮኸው አለቀሱ፤ አዲስም ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር እንደኔ ላለ ወሬኛ ዝምታ ራሱ መርዶ መሆኑን ነው።

ለቅሶው ሲበርድ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

"ባሕሩ ዳር ስልኩን ብትሰጠኝ ኖሮ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ማን ያነሳልኝ ነበር?"