አፉ የተመረገው ባትሪ

ዳንግላ ስልክ ቤት ሥራ በጀመርሁበት ዕለት የጣቢያው ኃላፊ አቶ ወርቅነህ የወሰዱኝ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ጓዳ ነበር። ጓዳው ውስጥ በጣውላ መደርደሪያ ላይ የመስታወት ማሰሮዎች ተሰልፈዋል። «ጉልበቱ ያለው እዚህ ነው» አሉኝ። እኔ እንኳን ባትሪ ሰውም ቶሎ አላምንም። ጎንበስ ብዬ የሚነድ ነገር ፈለግሁ፤ የለም። የሚሽከረከር ነገር ፈለግሁ፤ እሱም የለም።

«ታዲያ ምን በልቶ ነው የሚሠራው?» አልኋቸው።

«ዚንክ ይበላል፤ አየር ይተነፍሳል።»

የቀለዱብኝ መሰለኝ። በአዲስ ገቢ መቀለድ የስልክ ቤት ልማድ ነው፤ አንዱን ባልደረባዬን የሽቦውን ውፍረት በምላሱ እንዲለካ አድርገውታል። ስለዚህ አንዱን ማሰሮ አስከፍቼ በዓይኔ አየሁ። ነጭ ጨው የሟሟበት ውሃ አለ፤ አሞኒየም ክሎራይድ ይሉታል። በውሃው ውስጥ የዚንክ ዘንግ ቆሟል። መሐሉ ላይ ወፍራም የካርቦን ድንጋይ አለ፤ አናቱ ከክዳኑ በላይ ብቅ ብሏል። ድንጋዩ ዓይን በማያየው ቀዳዳ የተሞላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዚንኩ በጨው ውሃው ውስጥ ቀስ እያለ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ዞሮ፣ መናገሪያውን አንቀሳቅሶ ወደ ካርቦኑ ይመለሳል። እዚያ የሚቀበለው ካርቦኑ ከአየር የሳበው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ካልደረሰ ኤሌክትሪኩ ተቀባይ ያጣል፤ ባትሪውም ይታፈናል። ይህን አምኜ ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

በኋላ አዲስ አበባ ለሥልጠና ስሄድ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ነዳጅ ሴል ስለሚባል ነገር ነገረን። እሱ ጭራሽ ዚንክም አይበላም። በአንድ ወገን ሃይድሮጅን ጋዝ፣ በሌላው ወገን ኦክስጅን ይገባለታል፤ በመሐላቸው ፖታሽ የሚባል ኬሚካል የሟሟበት ውሃ አለ፤ ግራና ቀኝ እንደ ፕላቲነም ያለ ውድ ብረት የተቀባ ቀዳዳማ ሳህን ቆሟል። ሃይድሮጅኑ ኤሌክትሪኩን በሽቦ ይልካል፤ መጨረሻ ላይ ከኦክስጅኑ ጋር ተገናኝቶ ንጹሕ ውሃ ይሆናል። ጋዙ እስከገባ ድረስ አይደክምም፤ ሳህኖቹም ተበልተው አያልቁም። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ «ጋዙን ማን ያመጣል?» ብዬ ጠየቅሁ። ፈረንጁ ሳቀና አለፈኝ። የኛው የዳንግላው ማሰሮ ግን የዚያ ድሃ ዘመድ መሆኑ ገባኝ፤ ነዳጁ ዚንክ ነው፣ አየሩ ያው አየር ነው።

የጎረቤታችን የቆሰበር ከተማ ስልክ የታመመው ከሥልጠናው ስመለስ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። በገበሬው ዘንድ ስለ ግብር ጉምጉምታ በዝቶ፣ ገበያ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ሦስተኛው ጆሮውን ይጥላል። የስልኩ በሽታም እንደ ጊዜው ነበር። ደወሉ ደህና ይጮኻል፤ በእጅ ስለሚሽከረከር ባትሪ አይሻም። መጀመሪያ የሚነገረው ጥርት ብሎ ይሰማል። ወደ ዋናው ጉዳይ ሲገባ ግን የቆሰበር ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል።

የቆሰበሩ ፖሊስ አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ በንዴት በገኑ። «ጤና ይስጥልኝ ስል ማንም አይነካኝም። ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ቤተ ሰቡን ጠይቄ እስክጨርስ ደህና ነው። ምስጢር ስጀምር ድምፄን ይውጡታል። ማሽን ምስጢርን ከሰላምታ ይለያል?» አሉ። የስልክ ቤቱን ሠራተኛ አለልኝንም አሰሩት። ሚስቱ አራስ ነበረች።

አቶ ወርቅነህ ጠሩኝ። «ደሴ፣ ሄደህ እይ። ሻምበሉ የሚጠይቁህ አንድ ነገር ነው፦ በሰው እጅ ነው ወይስ በራሱ የተበላሸው? በሰው እጅ ካልህ ልጁ ደብረ ማርቆስ ወኅኒ ይወርዳል። ሳታረጋግጥ አፍህን እንዳትከፍት።»

ልንገራችሁ፣ እኔም አለልኝን ጠርጥሬዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። በጭነት መኪና ቆሰበር ደርሼ በቀጥታ እስር ቤት ሄድሁ።

«ጋሼ ደሴ፣ ሽቦ አልነካሁም» አለኝ።

«ማሰሮዎቹንስ?»

«ጨዉ ወደ ውጭ እየወጣ ቢያስቸግረኝ ከንፈራቸውን ሰም ቀባሁ። ይኼ ደግሞ ደንብ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ጨዉ በመስታወቱ ጠርዝ እየተሳበ እንዳይወጣ ከንፈሩን ሰም እንቀባለን። ግን ደንብ የሚጠቅስ እስረኛ ይበልጥ ያጠራጥረኛል። ትቼው ወጣሁ።

ስልክ ቤቱ ገብቼ ቮልትሜትሩን አገናኘሁ። ባትሪዎቹ አርፈው ሲለኩ ደህና ናቸው። ዳንግላ ደውዬ ከአቶ ወርቅነህ ጋር ማውራት ስጀምር መርፌው ቁልቁል ወረደ። ዚንኮቹን አወጣሁ። መበላት ሲገባቸው እንደ አዲስ ናቸው። የጨው ውሃውም ደህና ነው። የቀረው አየሩ ነው። የካርቦኑን አናት በካቻቪቴ ስጭር ጥፍር የሚያህል ውፍረት ያለው ነገር ተላጠ። ሰም ነው፤ በከሰሉ ብናኝ ጠቁሮ ካርቦኑን መስሏል። ከንፈሩ ብቻ ሳይሆን የሁሉም አናት ድፍን ተደርጎ ተመርጓል።

ዝናብ ሰም አይመርግም። የሰው እጅ ነው። አለልኝ አለቀለት ብዬ ተቀመጥሁ፤ አዘንሁለት፣ ተናደድሁበትም።

እንደዚያ ሆኜ ሌላውን ማሰሮ ስጭር ከኋላዬ ጩኸት መጣ። «ኧረ እግዜር ይይልህ! እኔ ለፍቼ የመረግሁትን ትፍቃለህ?» ዞር ብል እትዬ የሻረግ ናቸው፤ ስልክ ቤቱን የሚጠርጉ፣ በጎን ጠላ የሚሸጡ የአገው ሴት። መጥረጊያቸውን እንደ ዱላ ይዘውታል።

«እርስዎ ነዎት የመረጉት?»

«ታዲያ ማን ይመርገው? ያ ልጅ ከንፈሩን ቀብቶ አፉን ክፍት ይተወዋል። የወንድ ሥራ! ውስጡ ሲፈላ ይሰማኛል፣ ይሸተኛል። የፈላ ነገር አፉ ካልተመረገ ጉልበቱ ተኖ ያልቅ የለም ወይ? ጋንህን ከፍተህ ታሳድራለህ አንተ?»

ሳቄም ለቅሶዬም እኩል መጣ። ጠላ ታፍኖ ይበረታል፤ ይኼኛው ታፍኖ ይሞታል። ይህን ስነግራቸው አላመኑኝም። አለልኝ የታሰረው በዚህ ሰበብ ነው ስላቸው ግን መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። «የአራሷን ባል? በኔ ሰም?» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ገሰገሱ። እኔ ከኋላቸው ሮጥሁ።

ሻምበሉ አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህችን ተረት ያስጠናሃት አንተ ነህ?» ወደ እትዬ የሻረግም ዞሩ። «ማን አዘዘሽ?»

«ጋን ለመምረግ ማን ያዛል ጌታዬ?»

በቃል አይሆንም ብዬ ግማሾቹን ማሰሮዎች ልጬ አናታቸው አየር እንዲያገኝ አሳደርሁ፤ ግማሾቹን እንደታፈኑ ተውሁ። በማግስቱ ሻምበሉ ራሳቸው ከዳንግላ ጋር ተነጋገሩ። በታፈኑት ሲናገሩ ከብቱን ጠይቀው አዝመራው ላይ ሳይደርሱ አቶ ወርቅነህ «አይሰማም! አይሰማም!» ማለት ጀመሩ። በተላጡት ሲናገሩ ከብቱም አዝመራውም ቤተ ሰቡም ተጠይቆ አለቀ፤ ምስጢሩም ተነገረ። ድምፃቸው ዝንፍ አላለም።

ሻምበሉ መናገሪያውን ሰቀሉ። «ፍቱት» አሉ። እትዬ የሻረግ እልል አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። «ግን» አሉ ሻምበሉ፣ «ዛሬ ሰም ነው፤ ነገ ምን እንደሚያደርጉበት አይታወቅም። ባትሪው ሣጥን ይሠራለት። ቁልፉ እኔ ዘንድ ይሆናል።» አናጢ ተጠራ። ከወፍራም ጣውላ ሠርቶ፣ ውስጡን ቆርቆሮ አልብሶ፣ የክዳኑን ዙሪያ በከመነዳሪ፣ በመኪና የውስጥ ጎማ፣ ለበደው። ዝንብ አያስገባም። ጓጉንቸሩ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚቆለፍበትን ይመስል ነበር።

«ሻምበል፣ ይህም ያፍነዋል። ቀዳዳ ያስፈልገዋል» አልኋቸው።

«ቀዳዳ ካለው መቆለፉ ምን ይረባል?»

«ትናንት በጆሮዎ የሰሙት እኮ ነው።»

«ትናንት የሰማሁት የሰም ነገር ነው። ሰም አሁን የለም። አንተ ስለ ቀዳዳ ይህን ያህል የምትከራከረው ለምንድን ነው?» ብለው ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። የጠርጣሪ ዓይን እኔም አለኝና አወቅሁት። ካቻቪቴዬን ወደ ኪሴ መለስሁ።

አለልኝ ከእስር ወጥቶ ስልክ ቤት ሲገባ ሣጥኑን አየ። ዙሪያውን በእጁ ዳበሰ፣ ጎማውን ተጫነው። ከዚያ ኮቱን ከግድግዳው አወረደ። «ወዴት?» አልሁት። «አገራችን ግምጃ ቤት፣ ከአባቴ ዘንድ፤ አርሳለሁ። ይኼ ስልክ ተመልሶ ድምፁ ሲጠፋ ማን እንደሚታሰር አውቃለሁ» አለኝ። ለመንሁት፤ አልሰማኝም። አራስ ሚስቱን በቃሬዛ አስይዞ ሄደ። ጥሩ ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ስልክ ሥራ ዳግም አልተመለሰም።

አለልኝ እንዳለው የስልኩ ድምፅ ጠፋ። ሣጥኑ የአዛዡ ትእዛዝ ስለሆነ ተተኪው ሠራተኛ አልነካውም፤ እኔም ከዳንግላ ብጽፍ መልስ አላገኘሁም። የሣጥኑ ቁልፍ በሻምበሉ ኪስ ስለነበር በዚህኛው ጊዜ ማንም አልታሰረም።

ለእናንተ ለወጣቶቹ የስልክ ሠራተኞች የምለው ይኸው ነው። አየር የሚተነፍስ ባትሪ ሲደክም መጀመሪያ አናቱን እዩ፤ ሰው የምትጠረጥሩት ከዚያ በኋላ ነው።