ውጭ ውጩ ቅጠል

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት የቀበሌ ቅጽ ለመሙላት ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ይህችን አንድ ነገር በወረቀት ልሞክራት።

ከጎፋ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ እናቴ ቆስጣ ታለማ ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፤ መሬቱም ማዳበሪያውም የሚሰጠን በማኅበር በኩል ነበር። የምናጠጣው ከወንዙ በባልዲ እየቀዳን ነው። ከላይ ፋብሪካዎች ስላሉ ውሃው አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ጎረቤቶቻችን፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ቀሚስ ነክረው ነው እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

የቆስጣው ጠርዝ ቢጫ ማለት ሲጀምር እናቴ መሬቱ ተርቧል አለች። ነጩን ማዳበሪያ ጨመርን። አልተሻለውም። ደግመን ጨመርን። በየሥሩ በእፍኝ የምበትነው እኔ ነበርኩ።

አንድ የእርሻ ባለሙያ መጥቶ ከማሳው አፈር፣ ከወንዙ ውሃ፣ ከቆስጣውም ቅጠል ወስዶ ሄደ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ሲመለስ እናቴ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄዳ ስለነበር ያገኘው እኔን ነው። መሬቱ አልተራበም፣ እንዲያውም ማዳበሪያው በዝቶበታል አለኝ። ክፉው ነገር ከውሃው ጋር የሚገባው ነው፤ እንደ እርሳስ ያለ ብረት። ቢያጥቡት አይለቅም፣ ቢቀቅሉት አይጠፋም፣ ይልቁንም ባረጀው የውጭ ቅጠል ላይ ይበዛል።

እግሬን እያየሁ እሺ አልኩ። ምን እናድርግ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። እኛ ቤት ለጋው ቅጠል ታስሮ ለገበያ ይሄዳል፤ ያረጀውን፣ ውጭ ውጩን፣ የምንበላው እኛ ነን። ታናናሾቼ ያደጉት በእሱ ነው።

ጾም ስለነበር ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ያንኑ ቆስጣ በላን። በአራተኛው፣ ማሳው ላይ አብረን ስንቆርጥ ለእናቴ ነገርኳት። እጇ አልቆመም።

«ታዲያ በምን እናጠጣው? በቦኖ ውሃ?» አለችኝ።

ቦኖው ለመጠጥ አንዲት ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን የምንሰለፍበት ነው። ለጋ ለጋውን እንደ ልማዷ አሰረችው፤ እኔም ተሸክሜ ገበያ ወረድኩ። ስለሚገዙት ሰዎች አንዳችንም አላነሳንም። እየሸጥኩ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም፤ ድሮም አላይም ነበር።

ስመለስ ምሳ ቀርቦ ነበር። እናቴ ከእስሮቹ አንዱን አስቀርታ ለብቻው ቀቅላው ኖሯል። እሱን በእኔና በታናናሾቼ በኩል አደረገችው፤ ውጭ ውጩን ወደ ራሷ ሳበች። እጄን ወደ እሷ በኩል ስሰድ በክንዷ መለስ አደረገችውና እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ ከለጋው ብይ። እኔ ለምጄዋለሁ።»