ጆሮ የነካ ሁሉ ሰባት ዓመቱ ነው

ወይዘሮ ፍቅርተ በሰሜን ሸዋ በአንዱ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበሩ። የወረዳው ስም ይቅር፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁጥር ሲደምሩና ሲያካፍሉ ኖረዋል፤ ቁጥር አይዋሽም ብለውም ያምኑ ነበር።

በ2015 የአስር ዓመቱ የትምህርት ዕቅድ ሲከለስ፣ ከደጋው ቁልቁል ላለች አንዲት የቆላ መንደር ትምህርት ቤት ይሠራላት ወይስ ይቅር የሚል ጥያቄ መጣ። ልጆቿ ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥተው ነው የሚማሩት። ሰንጠረዡ ግን ርቀቱ ያዘገየው ልጅ የለም ይላል፤ ሁሉም በሰባት ዓመታቸው ተመዝግበዋል። ታዲያ ምን ተብሎ ይሠራላታል?

ፍቅርተ ምዝገባውን ሊያዩ ዳገቱ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄዱ። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ የለም። መምህሩ ልጆቹ ቀኝ እጃቸውን በአናታቸው ላይ አሳልፈው ግራ ጆሯቸውን እንዲነኩ ያዛል፤ የነካ «ሰባት» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ፈተና ትንሹን ይመልሳል እንጂ የዘገየውን አያውቅም። አንዲት ልጅ ጆሮዋን አልፋ አገጯን ልትይዝ ምንም አልቀራት። እሷም ሰባት!

«ስንት ዓመትሽ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ዘጠኝ። ዳገቱን እስክችል ነው የቆየሁት።»

ፍቅርተ አፈሩ። እሳቸውም የዚያችው መንደር ልጅ ናቸው፤ በዘጠኝ ዓመታቸው ጆሯቸውን ነክተው፣ ሰባት ተብለው ነው የገቡት። ይህን እያወቁ ያንን ሰንጠረዥ በየዓመቱ ሞልተውታል።

በዕቅዱ ስብሰባ ላይ የልጆቹ ዕድሜ ይታረም ሲሉ ኃላፊው አቶ ገብረ ጻድቅ ተቆጡ። «ይህን ካረምን እኮ የተሸለምንበት ሪፖርት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው! ለመሆኑ ማስረጃዎ ምንድን ነው?»

«የእኔን ፋይል አውጡት። ሃምሳ ስምንት ይላል፤ እኔ ግን ስድሳ ሞልቶኛል።»

ስድሳ የጡረታ ዕድሜ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

«የሚታየው ፋይሉ ነው፤ ገና ሁለት ዓመት አለዎት» አሉ ኃላፊው፣ ለስለስ ብለው።

«ሁለቱ ዓመት የእኔ አይደለም፤ የዳገቱ ነው። እኔ ልውጣ፣ መንደሯ ዕቅዱ ውስጥ ትግባ።»

ወጡም። መንደሯም ገባች።

ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ መስከረም ላይ ተከፈተ። ፍቅርተ ተጠርተው ሲደርሱ አንድ አባት የቀጫጫ ልጁን እጅ በአናቷ ላይ ይጎትታል፤ ጣቷ ጆሮዋ ጋ አልደርስ ብሏል።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ለጳጉሜን ሩፋኤል ሰባት ሞላት፣ እናቴ። ትመለስ ይሆን?»

ፍቅርተ እንባቸው መጣ። የልጅቷን እጅ ቀስ አድርገው ከአናቷ አወረዱላትና ወደሚመዘግበው መምህር ዞሩ።

«ሰባት ብለህ ጻፍ።»